የተሰጠን ሥልጣን ለማን ነው?

በአገራችን ሥልጣን የሚለው ቃል ሲነገር አስቀድሞ በሰው ልብ የሚታሰበው ሹመት ነው። የተሾመውን ሰው «ሹመት ያዳብር» እያልን እንመርቀዋለን፤ ከምርቃቱም ቀጥሎ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው የቈየ ተረት ይከተላል። ተረቱ የተነገረው ስለ ምድራዊ ሹመት ነው፤ ነገር ግን አሳቡ ቀስ በቀስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዘልቆ በመግባት መንፈሳዊውን ሥልጣን እንኳ ባለቤቱ የሚጠቀምበት እንጂ ሌላው የሚድንበት እንዳይመስለን ማድረጉን ማየት አያዳግትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አንሥተን በቅዱሳት መጻሕፍትና በአባቶች ሥራ እንመረምረዋለን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ለክርስቲያን የተሰጠው መንፈሳዊ ሥልጣንና ኃይል ለማን የተሰጠ ነው? ለተቀበለው ነውን? ወይስ ተቀባዩ ለሚያገለግለው?

ይህ ጥያቄ ለካህናት ብቻ የቀረበ አይደለም። ካህኑ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አለው፤ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይመርቃሉ፥ ሲከፋቸውም ይረግማሉ፤ የመሥሪያ ቤት አለቃ በበታቾቹ ዘንድ ቃሉ ይሰማል፤ የአገር ሽማግሌ በተጣሉት መካከል ይቀመጣል፤ የቤት እመቤት ሠራተኛዋን ታዛለች። ከእነዚህ አንዱንም ያልያዘ ድኃ ምእመን እንኳ በጥምቀት የተቀበለው ሥልጣን አለው። እንግዲህ የምንናገረው ስለ ጥቂቶች ሳይሆን ስለ ሁላችን ነው።

የክርስቲያን ሥልጣን ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ የክርስትናውን ሥርዓት እንመልከት። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀን ወደ ጥምቀት ይቀርባሉ። ሕፃኑን የያዘው የክርስትና አባት ወደ ምዕራብ ዞሮ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅም ተመልሶ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይመሰክራል። ከጥምቀቱም በኋላ የሕፃኑ ሕዋሳት በ36 ስፍራ ቅዱስ ሜሮን ይቀባሉ። ዓይኑ፥ ጆሮው፥ አፉ፥ እጁና እግሩ እየታተሙ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ይሆናሉ።

ይህን በማስተዋል እንመርምረው። በዚያች ቀን ከሕፃኑ የሚያንስ ማን አለ? አንገቱን እንኳ አቅንቶ መያዝ አይችልም፤ የሚያዘው አገልጋይ፥ የሚገዛው አገር የለውም። ነገር ግን ሰይጣን የተካደው፥ የእግዚአብሔር ልጅነትም የተሰጠው በዚያች ቀን ነው። መንፈሳዊ ሥልጣን ሌላውን ማዘዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአርባ ቀን ሕፃን ምን ይጠቅመው ነበር? ቅብዐ ሜሮኑ በዓይን፥ በጆሮ፥ በአፍና በእጅ ላይ መፍሰሱ የሥልጣናችን የመጀመሪያ ግዛት የገዛ ሕዋሳታችን መሆኑን ያስረዳናል። ሕፃኑ አድጎ ዓይኑን ከክፉ ምኞት ሲመልስ፥ ምላሱን ከሐሜት ሲከለክል፥ እጁን ከሰው ገንዘብ ሲሰበስብ፥ ያን ጊዜ በተቀበለው ሥልጣን ሠራበት ይባላል። በአንጻሩ ብዙ ሰው የሚታዘዝለት፥ እርሱ ግን ለቍጣው የሚታዘዝ ሰው፥ ገዥ ይመስላል እንጂ ተገዥ ነው።

ራሱን መግዛት የጀመረ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። ይኸውም የተሰጠውን ኃይል ለተደፈረ ክብሩ መበቀያ ማድረግ ነው። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 9 እንደ ጻፈው ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ መልእክተኞቹ ወደ አንዲት የሳምራውያን መንደር ገቡ፤ የመንደሩም ሰዎች አልተቀበሉትም። ያዕቆብና ዮሐንስ ይህን ባዩ ጊዜ ኤልያስ እንዳደረገው እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጠፋቸው ዘንድ ለማዘዝ ፈቃድ ጠየቁ። ኃይሉ እንዳላቸው አልተጠራጠሩም፤ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ በአጋንንት ሁሉ ላይ ሥልጣን ተቀብለው ነበርና። ማስረጃም አልጐደላቸውም፤ ነቢዩን ምስክር ጠሩ። ቅንዓታቸውም ለመምህራቸው ክብር ይመስል ነበር። ጌታ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸውና ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። ሁሉን ማድረግ የሚችለው እርሱ የማይወዱትን ሰዎች አላጠፋም፤ መንገዱን ለወጠ እንጂ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ይነግረናል። ፊልጶስ በሰማርያ ሰብኮ ብዙዎች ባመኑ ጊዜ በኢየሩሳሌም ያሉት ሐዋርያት ጴጥሮስንና ዮሐንስን ላኩላቸው። ያ እሳት እንዲወርድባቸው የለመነው ዮሐንስ በሳምራውያን ላይ እጁን ጫነ፤ መንፈስ ቅዱስም ወረደላቸው። የመጀመሪያው ልመና ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወገን ስንቱ ይህን ጸጋ ሳያይ በጠፋ ነበር! እኛም ስለ ክብራችን ብለን ልናቃጥለው የምንመኘው ሰው ነገ በበረከት እጃችንን ልንጭንበት የሚገባን ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ በካህን ቤትም በወላጅ ቤትም ቢታሰብ ኖሮ ስንት ቃል ከአፍ ሳይወጣ በቀረ ነበር።

ከዚህ የሚረቅ ሌላ ፈተና አለ፤ እርሱም ኃይሉ ሲሠራ አይቶ በኃይሉ መደሰት ነው። ሰባ ሁለቱ አርድእት ከተላኩበት ተመልሰው አጋንንት እንኳ እንደ ተገዙላቸው በደስታ በተናገሩ ጊዜ ጌታችን ሥልጣኑን እርሱ እንደ ሰጣቸው አረጋገጠላቸው፤ ደስታቸው ግን በዚህ እንዳይሆን፥ ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ እንዲሆን አዘዛቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይሁዳም ከአሥራ ሁለቱ ጋር ተቈጥሮ በርኵሳን መናፍስት ላይ ሥልጣን ተቀብሎ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን ከሠላሳ ብር ፍቅር አላዳነውም። የአይሁድ ካህን የአስቄዋ ሰባት ልጆችም የጌታን ስም እየጠሩ ጋኔን ሊያወጡ ቢሞክሩ ክፉ መንፈስ የያዘው ሰው ዘሎ ስላሸነፋቸው ቈስለውና ዕራቁታቸውን ሆነው ሸሹ። ስሙን በአፋቸው ያዙት እንጂ በሕይወታቸው አላወቁትም ነበርና።

በዘመናችን የታመመ ወንድማችን ወይም የታመመች እኅታችን በጠበል ስፍራ ሲጮኹና ሲወድቁ በምስል ተቀርጸው በየእጅ ስልኩ ሲዞሩ እናያለን። ጠበሉ ቅዱስ ነው፤ ፈውሱም የእግዚአብሔር ነው፤ ይህን አንጠራጠርም። ነገር ግን የተፈወሰው ሰው ነገ ወደ ገበያው፥ ወደ ሥራው፥ ወደ ጎረቤቱ ይመለሳል፤ ያ ምስልም ከእርሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል። እርሱ ድኖ ሳለ ኀፍረቱ አልዳነም። ጌታችን ደንቆሮና ኰልታፋ የነበረውን ሰው እንዴት እንደ ፈወሰው በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 እናነባለን፤ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፥ ከፈወሰውም በኋላ ለማንም እንዳይናገሩ አዘዘ። የእርሱ ኃይል የሰውየውን ገመና ሸፈነ። ኃይላችን የድኩሙን ገመና ገልጦ የእኛን ስም የሚያስጠራ ከሆነ፥ ከማን እንደ ተማርነው ራሳችንን እንጠይቅ።

በዚህ ላይ የዋጋ ነገር ይጨመራል። ሲሞን መሠርይ ሐዋርያት እጃቸውን ሲጭኑ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ባየ ጊዜ ያን ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ ወደደ፤ ጴጥሮስም አጥብቆ ገሠጸው። የነቢዩ የኤልሳዕ አገልጋይ ግያዝ ደግሞ ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ በነጻ ሲፈወስ አይቶ ተቈጨ፤ በጌታውም ስም ዋሽቶ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ተቀበለ። በመጨረሻም የንዕማን ለምጽ በእርሱ ላይ ተጣበቀ። የሁለቱ ጥፋት በመልክ ይለያያል፤ ሲሞን ሊገዛ ወደደ፥ ግያዝ ሸጠ። በሥሩ ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም የእግዚአብሔርን ስጦታ የሰው ንብረት አደረጉት። ካህን ከመሠዊያው መኖሩ የተፈቀደ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ይህን አስተምሯል። ነገር ግን በአገልግሎት መኖርና አገልግሎትን መቸርቸር የተለያዩ ናቸው። ምእመኑ የሰጠው መባ አነሰ ተብሎ ጸሎት ያጠረበት፥ የሀብታሙ ቤት ሲባረክ የድኃው ቤት የተረሳበት ስፍራ ሁሉ የግያዝ ቤት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ እርሱም ግዝት ነው። ጌታችን ለጴጥሮስ፥ በኋላም ለሐዋርያት ሁሉ የማሰርንና የመፍታትን ሥልጣን ሰጠ፤ በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 16 እና በምዕራፍ 18 ተጽፏል። ይህ ሥልጣን በሐዋርያት ተከታዮች እጅ እስከ ዛሬ ይኖራል። በሕዝባችንም ዘንድ ታላቅ ፍርሃትና ክብር አለው። ሁለት ወገኖች ደም ተቃብተው፥ መሣሪያ ይዘው ሲተያዩ ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ሲገቡና ሲገዝቱ የተነሣው እጅ ይወርዳል። ስንት ነፍስ በዚህ ድኗል! ይህ የግዝት እውነተኛ ሥራው ነው።

ነገር ግን ይኸው ቃል በሌላ ስፍራ ይሰማል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ማን እንደ ወሰደው ሳያውቅ «ገዝቱልኝ» ብሎ ይመጣል፤ ወሰን የተገፋበት ሰው ዳኛውን ትቶ በግዝት ጎረቤቱን ሊያስፈራራ ይፈልጋል። ከዚህም የሚብሰው፥ የንስሐ ልጁ ሌላ የንስሐ አባት ስለ ያዘ፥ ለተዝካር ስላልተጠራ፥ በሰበካ ጉባኤ አሳቡ ስላልተደገፈ የሚገዝት ካህን ሲገኝ ነው። እዚህ ላይ ካህኑ ከሳሽም ምስክርም ዳኛም ራሱ ሆነ። በምድራዊ ፍርድ ቤት እንኳ ዳኛ በገዛ ጉዳዩ ለመፍረድ አይቀመጥም፤ ይህን ያላደረገ በሰው ፊት ያፍራል። ታዲያ ዘላለማዊ ነገር በሚፈረድበት ወንበር ይህ እንዴት ይፈቀዳል?

ይህ የእኛ አዲስ አሳብ አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ዋና ሥራቸው የአርዮስን ክሕደት ማውገዝ ነበር። እነዚሁ አባቶች በግሪክ ቋንቋ ከሚነበቡት 20 ቀኖናዎቻቸው በአምስተኛው አንድ ኤጲስ ቆጶስ ያወገዘውን ሌላው እንዳይቀበለው ካዘዙ በኋላ፥ ሰውየው የተወገዘው በኤጲስ ቆጶሱ የልብ ጥበት ወይም በጠብ ወይም በመሳሰለው ክፉ ጠባይ እንዳይሆን እንዲመረመር ወሰኑ። ለዚህም ምርመራ የየአውራጃው ኤጲስ ቆጶሳት በዓመት ሁለት ጊዜ፥ አንዱ ከዐቢይ ጾም በፊት፥ ሁለተኛው በመከር ወራት እንዲሰበሰቡ አዘዙ። እነሆ አርዮስን ያወገዙት እነዚያ አባቶች የገዛ ወንድሞቻቸው እጅ ሊሳሳት እንደሚችል አልሸሸጉም። ውግዘትን ያወቁት እነርሱ ውግዘትን ፈሩ። በቤተ ክርስቲያናችንም ቅዱስ ሲኖዶስ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በጥቅምትና በርክበ ካህናት፥ መሰብሰቡ ሥልጣን በጉባኤ ፊት እንጂ በአንድ ሰው ቍጣ እንዳይመራ የሚጠብቅ ሥርዓት ነው።

ሊቃውንት ጌታችን ለጴጥሮስ የሰጠውን መክፈቻ ሲተረጕሙ ብዙ ምሥጢር ያወጣሉ። እኛ ግን ለተነሣንበት ነገር አንዱን ብቻ እንያዝ፤ መክፈቻ የያዘ ሁሉ ባለቤት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ መክፈቻ ይይዛል፤ ጽዋው፥ ካባው፥ መጻሕፍቱ ግን የእርሱ አይደሉም። ለቅዳሴ ሲጠየቅ ይከፍታል፤ ሌባ ሲመጣ ይዘጋል፤ ከአገልጋዮቹ በአንዱ ስለ ተቀየመ ግን ጽዋውን ሊከለክል አይችልም። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ስለ ንዋዩ ክብርና ስለ ጉባኤው ጥቅም ነው። የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻ የተሰጠው ሰው ከዚህ ጠባቂ እንዴት ያንሳል?

ከክህነት ወጥተን ወደ ምእመናን ቤት ብንገባ ነገሩ አንድ ነው። የወላጅ ምርቃትና እርግማን በሕዝባችን ዘንድ ከባድ ነው፤ ልጅ የአባቱን እርግማን እንደ ሞት ይፈራል። ይህ ፍርሃት ለወላጅ የተሰጠ አደራ ነው። ልጅ ያለ አባቱ ፈቃድ ትምህርት ስለ መረጠ፥ ወይም ልጅቱ እናቷ ያላሰበችላትን ጥሩ ክርስቲያን ስለ ወደደች በእርግማን ማሰር፥ በልጅ ሕይወት ላይ የራስን ክብር መሾም ነው። ሐዋርያውም ወደ ኤፌሶን በላከው መልእክት በምዕራፍ 6 ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ጨምሮ አዟል። በመሥሪያ ቤትም አለቃ የበታቹን ሥራ እንዲያርም ሥልጣን አለው፤ እጅ ስላልነሣው ግን ዕድገቱን ቢያዘገይበት ሥልጣኑን ሰረቀ። የቤት ሠራተኛዋ እስክትነቃ ድረስ በጾም ወቅት ሰዓታት ስትቆም አድራ ጧት በትንሽ ጥፋት የምትሳደብ እመቤት ሌሊቱን ያገኘችውን ኃይል ጧት አጠፋችው። ጸሎቷ ያልገዛው ምላሷ ነበርና።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ንቀን ልናልፈውም አይገባም። «እንዲህ ከሆነ ካህኑ ሁሉን ዝም ብሎ ይለፍ? አባት ልጁን አይቅጣ? ሥልጣን ተንቆ ሥርዓት አይጠፋምን?» ይባላል። መልሳችን እንዲህ ነው፤ ሥልጣንን አለመጠቀምም ኃጢአት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የእግዚአብሔርን መሥዋዕት ሲያቃልሉ፥ ሕዝቡንም ሲበድሉ ሰምቶ በቃል ብቻ ተናገራቸው፤ አልከለከላቸውም። ከዚህም የተነሣ ቤቱ ጠፋ፥ ታቦቱም ተማረከ። በሌላ በኩል ሙሴን እንመልከት። እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን በእርሱ ላይ በተናገሩ ጊዜ ስለ ራሱ አንዳች አልመለሰም፤ ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜም እንድትድን ጮኾ ለመነላት። ነገር ግን ሕዝቡ የወርቅ ጥጃ ሠርቶ በሰገደ ጊዜ ይኸው የዋህ ሰው እንደ እሳት ነደደ። ዔሊ ስለ ልጆቹ ሲል የእግዚአብሔርን ክብርና የሕዝቡን መብት ተወ፤ ሙሴ የራሱን ክብር ትቶ የእግዚአብሔርን ክብር ጠበቀ። ልዩነቱ በየዋህነትና በቍጣ መካከል ሳይሆን፥ ስለ ማን ዝም እንዳሉና ስለ ማን እንደ ተናገሩ ነው።

ከሐዋርያት በኋላ ከተነሡት አባቶች የሚላኖውን ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስን እንጥራ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ390 ዓ.ም. የተሰሎንቄ ሕዝብ ተነሣሥቶ የጦር አለቃውን ስለ ገደለ ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ በቍጣ ባዘዘው ትእዛዝ ወታደሮች ብዙ ሺህ ሰው ፈጁ። ቴዎዶስዮስ ከሃዲ አልነበረም፤ በ381 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያውን ጉባኤ የጠራ ንጉሥ ነው። የሞቱት ሰዎች የአምብሮስዮስ ዘመዶች አልነበሩም፤ ተሰሎንቄም የሀገረ ስብከቱ ክፍል አልነበረችም። ይሁን እንጂ ንጉሡ ንስሐ ካልገባ በፊቱ ሊቀድስ እንደማይችል ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤውንም ንጉሡ ብቻውን እንዲያነበው ብሎ በገዛ እጁ ጻፈው። ሊያዋርደው ሳይሆን ሊያድነው ፈልጎ ነበርና። ንጉሡም ንስሐ ገባ። አምብሮስዮስ ከዚህ ምን አተረፈ? ምንም። ምን ሊያጣ ይችል ነበር? ሁሉን።

በአገራችንም የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ታሪክ በሁላችን ልብ አለ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ፤ እንቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ መገዘታቸውም ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ይህን ግዝት ከላይ ካነሣነው ጋር እናነጻጽረው። የእርሳቸው ቃል የገዛ ሕይወታቸውን አላተረፈም፤ እንዲያውም ዋጋው ሕይወታቸው ነበር። በዚያን ቀን ያወግዙ ዘንድ የተለመኑት ኀይለኛው ስለ ጥቅሙ የፈለገውን ነበር፤ የገዘቱት ግን ስለ ተጠቃው ነው። ስለዚህ ቃላቸው ከሥጋቸው በኋላ ኖረ።

ከማሰር በኋላ የሚመጣውን ደግሞ አንርሳ። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ በዝሙት የወደቀውን ሰው ከማኅበር እንዲለይ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 5 አዘዘ። በሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 2 ደግሞ ያ የተቀጣው ሰው ከኀዘን ብዛት እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት ለመናቸው። በዚያው መልእክት ሥልጣኑ ለማነጽ እንጂ ለማፍረስ እንዳልተሰጠው ደጋግሞ ተናግሯል። ሐዋርያው ሲያስር ጀምሮ የሚፈታበትን ቀን ይናፍቅ ነበር። ሐኪም የተሰበረ አጥንት የሚያስረው እንዲጠገን ነው፤ ከተጠገነም በኋላ ማሰሪያውን ይፈታል። አስሮ የሚረሳ ሐኪም ግን ያን እጅ ያደርቀዋል።

እንግዲህ በዕለት ኑሮአችን የተሰጠንን ሥልጣን ልንሠራበት ስንነሣ ሦስት ነገሮችን ራሳችንን እንጠይቅ። አንደኛ፤ የተበደለው ማን ነው? እኛ ከሆንን ሥልጣናችን ይቅርታ ነው፤ ታናሹ፥ ድኃው፥ የእግዚአብሔር ሕግ ከሆነ ግን ዝም አንበል። ሁለተኛ፤ ከዚህ ምን እናተርፋለን? ትርፉ የእኛ ስምና ኪስ ከሆነ እንቁም። ሦስተኛ፤ ያሰርነውን ለመፍታት እንናፍቃለን? ካልናፈቅን ያሰርነው በፍቅር አይደለም። የእኛ በደልና የመንጋው ጉዳት አንድ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነስ? ለምሳሌ በሐሰት የተከሰሰው ካህን ሐሰቱ ምእመናኑንም ሲያሰናክል ምን ያድርግ? እውነቱን ይናገር፥ ፍርዱን ግን ለሌላ ይተው። ወደ ሽማግሌዎች፥ ወደ ጎረቤት አባቶች፥ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ያቅርበው እንጂ በገዛ እጁ አይሰር። የኒቅያ አባቶች ያስተማሩን ይህን ነው። ልጇ የበደላትም እናት እንዲሁ ታድርግ፤ በሽማግሌ ፊት ታስመክረው፥ በእግዚአብሔርም ፊት ታልቅስለት፥ ምርቃቷን ግን አትንጠቀው።

የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት የሆነው ነው። ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ በምዕራፍ 13 እንደ ጻፈው ጌታችን አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው አውቆ ከእራት ተነሣ። ሁሉ በተሰጠው በዚያ እጅ መጀመሪያ የያዘው ነገር ምንድር ነው? በትረ መንግሥት አይደለም፤ ማበሻ ጨርቅ ነው። ውኃም በመታጠቢያ ቀድቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ ይሁዳም ገና አልወጣም ነበርና የእርሱንም እግር አጠበ። ስለዚህ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ዝቅ ብለው የካህናቱንና የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ ሥርዓት ብቻ አይፈጽሙም፤ ሥልጣናቸው ከየት እንደ ተሰጠና ወዴት እንደሚሄድ በአደባባይ ይመሰክራሉ። ያ መታጠቢያ በዓመት አንድ ቀን ወጥቶ ወደ ዕቃ ቤት እንዳይመለስ የምንጠብቀው ሁላችን ነን። ካህኑ የድኃውን ኑዛዜ ሳይሰለች ሲሰማ፥ አባት ልጁን ከቍጣው ቀንሶ ሲመክር፥ አለቃ የናቀውን ሠራተኛ እንደ ሥራው ሲሸልም፥ እመቤቲቱ ሠራተኛዋን እንደ እኅቷ ስትጠራ፥ ያን ጊዜ ውኃው ይቀዳል።

እንግዲህ ሥልጣኑን የሰጠን አምላክ ለማን እንደ ሰጠን እንዳንረሳ ልቡናችንን ያብራልን፤ ያሰርነውን በፍቅር እንድንፈታ፥ የታሰርንበትንም እንድንፈታ ቸርነቱ ይርዳን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።